«አራት ሰዓት ሳይሞላ ድምፄ ይዘጋል»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 5፣ ትንሹ 2። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሁለቱን ትልልቆች ቤት ነው የማስተምራቸው። ሰሌዳ ገዛሁ፣ ሁለት ትንንሽ ዴስክ ገዛሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ቀን እንኳን እስከ ምሳ ዘልቆ አያውቅም። ትልቋ ንባብ ላይ ታለቅሳለች። ወንዱ ዴስኩ ስር ይገባል። ትንሹ ያገኘውን ይቀዳድዳል፤ ባለፈው ሳምንት የላይብረሪ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ቀደደ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ድምፄ ይዘጋል። አማቴ ከኛ ጋር ናቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ‹ልጆቹን አደነቆርሻቸው› ይሉኛል። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይሠራል። ሲነሳ ‹ዛሬ ምን ተማሩ?› ይላል፤ መልስ የለኝም። ማታ ስለነገ ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ልቀጥል ወይስ ላቁም?»

እህቴ፣

መጀመሪያ ስለ አንድ ደወል ልንገርሽ። እኔም ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን አራት ዓመት ቤት አስተምሬአለሁ፤ እዚያው ሜሪላንድ። በመጀመሪያው ሳምንት ደወል ገዛሁ። የምሬን ነው፣ በእጅ የሚወዛወዝ የናስ ደወል። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሳሎን መሃል ቆሜ አቃጨልኩት። ትንሹ ልጄ ሮጦ የውጭውን በር ከፈተ። እንግዳ የመጣ መስሎታል። ደጁን ግራ ቀኝ አይቶ ዞር አለና «እማዬ፣ ማን ነው የመጣው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። መምህርት ሆኜ የመጣሁት እኔ ነበርኩ፣ ልጁ ግን የሚያየው ያቺኑ ቢጃማ የለበሰች እናቱን ነው።

ያንቺም ሰሌዳ ያ ደወል ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱን አጣጥፈሽ አምጥተሽ ሳሎን ውስጥ ዘርግተሽዋል። ትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት የሚፈጀው ሃያ ምናምን ልጅ ስላለው ነው። ስም ይጠራል። ይሰለፋሉ። ሽንት ቤት ተራ ይጠበቃል። አንዱ እርሳስ ጠፋኝ ይላል፣ አንዱ ገፋኝ ይላል። ይህን ሁሉ ብታወጪለት ልጁ በእውነት የተማረባት ሰዓት ትንሽ ናት። አንቺ ያሉሽ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። ለአምስት ዓመቱ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚማርባት ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ትበቃዋለች። ለሰባት ዓመቷ አንድ ሰዓት ያህል፤ እሱም ተቆራርጦ። ይህን የምልሽ ካሳለፍኩት ተነስቼ ነው። ቀሪው ቀን የቤት ቀን ነው። የቤት ቀን ደግሞ ባዶ አይደለም፣ እመጣበታለሁ።

«ሕጉስ?» ትይኝ ይሆናል። የሜሪላንድ ሕግ በቀን ይህን ያህል ሰዓት አስተምሪ አይልም። ከመጀመርሽ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው (ለአካባቢሽ) ትምህርት ቢሮ ማሳወቅ ነበረብሽ፤ ያንን አድርገሻል ብዬ ልለፈው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅሽ በመደበኛነት ማስተማርሽን ነው። ትምህርቶቹ ስምንት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤና፣ ስፖርት። የልጆቹን ሥራ በአንድ ፎልደር ትሰበስቢያለሽ፤ የካውንቲው ሰው ያየዋል፣ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠራሽም። በቃ። ስለ ዴስክ የሚያወራ መስመር የለም። (ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ያላችሁ እናቶች፣ የናንተ ሌላ ነው። ማሳወቂያው እስከ ፈረንጆቹ ኦገስት 15 ነው የሚገባው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ልጁ ለመሻሻሉ ማስረጃ ይጠየቃል። ጀርመን ያላችሁ ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት፣ እዚያ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ቤት ማስተማር አይፈቀድም።)

ፕሮግራሙን ከግድግዳው አውርጂው። ቀኑን በሰዓት ሳይሆን በምግብ ከፋፍዪው። ልጅ ሰዓት አያውቅም፣ ቁርስን ግን ያውቃል። ከቁርስ በኋላ ንባብ። ከንባብ በኋላ ውጭ፤ ዝናብም ቢሆን፣ ብርድም ቢሆን፣ ጃኬት ለብሰው። ከምሳ በፊት ወጥ ቤት። ትንሹ ሲተኛ ሒሳብ። ይኸው ነው ፕሮግራሙ። አንዷ ብትዘልሽም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቁታል፤ ምሳ መቼም አይቀርም።

ወጥ ቤት ስል ማንኪያ አስይዘሽ ታጫውቻቸዋለሽ ማለቴ አይደለም። አንድ ነገር ላሳይሽ። አማትሽ ምስር ይለቅማሉ ብዬ እገምታለሁ። የአሜሪካ ምስር ድንጋይ የለውም ብትያቸው አይሰሙሽም፣ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይለቅማሉ። ወንዱን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጪው። አንድ እፍኝ ምስር ስጪው። አስር አስር እያደረገ ይከምር። አስር ክምር ሲሞላ በአንድ ሲኒ ውስጥ ይጨምረው፣ ሲኒው መቶ ሆነ ማለት ነው። አንድ ሲኒ፣ አራት ክምር፣ ሦስት ፍሬ። እህቱ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ትጻፈው፦ 143። መቶ ቤት፣ አስር ቤት፣ አንድ ቤት የሚባለውን ነገር ሰሌዳ ላይ ሦስት ሳምንት ብታስረጂው የማይገባውን ልጅ ሲኒው ያስገባዋል። ወረቀቷ ላይ ቀን ጻፊባትና ፎልደሩ ውስጥ ክተቻት። ሒሳብ ተማሩ፤ ለዚያውም ዴስኩ ስር የገባ የለም።

ወይም ሽንኩርት ስታቁላዪ ጥሪያቸው። ዘይት ሳታደርጊ ድስቱ ላይ ጣል ታደርጊዋለሽ አይደል? ትንሽ ቆይቶ ውሃ ያወጣል። «ውሃ አልጨመርኩም፤ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» በያቸው። መልሱን አትንገሪያቸው። የኔ ትልቁ ልጅ «ሽንኩርቱ እያለቀሰ ነው፣ ሲያስለቅሰን ኖሮ» ብሎኝ ነበር። የእንጀራው ዓይንም እንደዚሁ ነው። ሊጡ ኩፍ ሲል አረፋ የሚይዘው ለምንድን ነው? ምጣዱ ላይ አረፋው የት ይሄዳል? አንድ እንጀራ ጋግሪና ዓይኑ ሲወጣ ቆመው ይዩ። ከመጽሐፍ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው የራሳቸው ይሆናል።

አሁን ወደ አማትሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ያደረገኝ እዚህ ጋ ነው።

«አደነቆርሻቸው» ሲሉሽ ስድብ አድርገሽ ወስደሽዋል። እኔ ፍርሃት ነው የምሰማው። ለሳቸው ትውልድ ትምህርት ቤት ማለት ወንዝ ተሻግሮ፣ ጫማን ላለመጨረስ በእጅ ይዞ የሚኬድበት ነው። ሴት ልጅ ሲኮን ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድም ደብተር ይዞ ሲሄድ እንስራ አዝሎ ውሃ የሚወረድበት ነው። ትምህርት ቤት ያልሄደ ልጅ እረኛ ነው የሚሆነው። ሌላ ዓይነት ልጅ አላዩም። አሁን አሜሪካ ድረስ ተመጥቶ፣ ቢጫው አውቶቡስ ደጅ ድረስ በነፃ እየመጣ፣ ምራታቸው ልጆቹን ቤት አስቀረች። እስቲ በሳቸው ቦታ ሆነሽ እዪው። እኔ ብሆን ከዚህም የባሰ እናገር ነበር።

ስለዚህ አትከራከሪያቸው። በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ ብታሸንፊም እራት ላይ ትከፍይበታለሽ። ሥራ ስጫቸው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ተቺ ነው፤ ኳስ ሜዳም እንደዚያ ነው። «እማማ፣ አማርኛው ያለ እርስዎ አልሆነልኝም» በያቸው። ውሸትም አይደለም። ቡና ሲፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለችው ጊዜ የሳቸው ክፍለ ጊዜ ትሁን። ተረት ተረት፣ የላም በረት ይበሉ። እንቆቅልሽ ይጠይቁ።

እንቆቅልሹ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። ልጁ መልሱ ሲጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባል የለ? የኢትዮጵያን ካርታ ግድግዳው ላይ ስቀዪ፤ ፕሮግራሙ የነበረበት ቦታ ላይ ይሁን። ልጁ የሚሰጠውን አገር መጀመሪያ ካርታው ላይ ፈልጎ በጣቱ ያሳይ። ጎንደርን ሰጠሁ ካለ ጎንደር የት ነው? ጅማስ? ሐረርስ? ከፊደሎቹ አንዱን እንኳ ለይቶ ማንበብ ሊኖርበት ነው። እማማ ደግሞ አገሩን ሲቀበሉ ስለዚያ አገር የሚያውቁትን አንድ ነገር ይንገሩ፤ ማሩን፣ ቡናውን፣ እዚያ ያገባውን ዘመድ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ስድስት ወር ስትቀመጥ በዚህ ጨዋታ ግማሽ ኢትዮጵያን ወስዳለች። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ የሚያውቀው አገር ሲያልቅበት ባልቲሞርን ሰጣት። «ወደብ አለው?» አለችው። «አለው።» «እንግዲያው ተቀብያለሁ» አለች።

ከፊደሉ ጋርም ሒሳብ አለ። 33 ረድፍ፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት። ትልቋ የሰባትን ብዜት በገበታው ላይ ልትቆጥረው ትችላለች፤ ሀ እስከ ሆ ሰባት፣ ለ እስከ ሎ አስራ አራት። መጨረሻው ላይ 231 ላይ ስትደርስ ለእማማ ሮጣ ትንገር። ልጆቹ አለመደንቆራቸውን ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት በጆሯቸው ቢሰሙት ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር እንዳይመስልሽ የየኔታን ቤት አስቢ። አንዱ ሀሁ ይላል፣ ሌላው አቡጊዳ፣ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጊዜ፣ በየራሱ ድምፅ። አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። የኔታ ተራ በተራ ይሰማሉ፤ የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ፊደል ያስቆጥራል። የሰባት ዓመት ልጅሽ ወንድሟን በቀን አምስት ደቂቃ ብታስቆጥረው ለሷም ትምህርት ነው። አለንጋውን ግን እዚያው ተይው።

የንባቡ ለቅሶ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፣ እሱን ከሌላው ለይቼ አየዋለሁ።

መጀመሪያ አሳጥሪው። አስር ደቂቃ። ከምትችለው ትንሽ ዝቅ ያለ መጽሐፍ ምረጪ። አንቺ አንድ ገጽ አንብቢላት፣ እሷ አንድ መስመር ታንብብ። ፊቷ መጨማደድ ሲጀምር፣ እንባው ሳይመጣ፣ አንቺ ቀድመሽ መጽሐፉን እጠፊው። «ጎሽ፣ ነገ እንቀጥላለን።» ልጅ እያለቀሰች ያነበበችው መስመር አይገባትም፤ መጽሐፉ ግን ከለቅሶው ጋር ይታወሳታል። ከመኝታ በፊት ደግሞ ምንም ሳትጠይቂያት ዝም ብለሽ አንብቢላት። አማርኛም ቢሆን፣ እንግሊዝኛም ቢሆን።

ፊደል መማሯ እንግሊዝኛዋን ያደናግርባታል የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው። ሁለት ቋንቋ የንባብ ችግር አያመጣም። እንዲያውም ፊደላችን ለጀማሪ ደግ ነው፤ «ማ» የትም ብታገኛት «ማ» ናት። የእንግሊዝኛው «ሲ» አንዴ «ሰ» አንዴ «ከ» እየሆነ ያስቸግራል። (ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ስትደርሱ ለእማማ ተይላቸው። እኔም እስከ ዛሬ አይገባኝም።)

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ወር ቆይተሽ ለውጥ ከሌለ ግን ዝም አትበዪ። ትናንት ያነበበችውን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ ታየዋለች? የመጀመሪያውን ፊደል አይታ ቀሪውን ትገምታለች? መጽሐፉን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች፣ ራሴን አመመኝ ትላለች? መጀመሪያ ዓይኗን አስመርምሪ። ከዚያ ለካውንቲው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ምዘና ይደረግላት ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውን አስቀሪ። ቤት ስለምትማር አይመለከተንም ሊሉሽ አይችሉም። በፌዴራል ሕግ «ቻይልድ ፋይንድ» የሚባል ግዴታ አለባቸው፤ የመማር ችግር ይኖርባቸዋል ተብሎ የሚጠረጠሩ ልጆችን ፈልጎ በነፃ መመዘን። የኛ ሰው «ልጄን ስም ሊያወጡላት» ብሎ ይሸሻል። እኔ ያየሁት ዘግይቶ መድረስ የሚያመጣውን ነው፣ እሱ ይብሳል።

ትንሹን በሁለት መስመር ልገላግልሽ። አንድ ካርቶን አዘጋጂለት፤ ንባብ ሲጀመር ብቻ የሚከፈት፣ ንባብ ሲያልቅ የሚታሸግ። ውስጡ የፕላስቲክ እቃ፣ ክዳን፣ አሮጌ ስልክ፣ መቅደድ የሚፈቀድለት ጋዜጣ። አስር ደቂቃ ይይዝልሻል። አንዳንድ ቀን አይዝልሽም፤ ያን ቀን እማማ ይያዙልሽ።

ባለቤትሽ «ዛሬ ምን ተማሩ?» ሲል እየመረመረሽ ላይሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ሲያጓጉዝ አድሮ፣ ልጆቹ ካሉበት ቀን ውስጥ የቀረበትን እየጠየቀ ይሆናል። አንድ ደብተር ፍሪጁ አጠገብ አንጠልጥዪ። ማታ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ። «ማክሰኞ። ምስር 143። ሽንኩርት ለምን ውሃ እንደሚያወጣ ተከራከሩ። አስር ደቂቃ ንባብ፣ አላለቀሰችም።» እሱ ሲነሳ ያንብበው፤ የካውንቲው ሰው ሲመጣም ያው ደብተር ያገለግልሻል። ለሱም ሥራ አለው። በሳምንት አንድ ቀን ከትልቋ ጋር መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ የማይል ቆጣሪውን ያንብቡ፣ ካለፈው ሳምንት ቁጥር ይቀንሱ። አባቷ በሳምንት ስንት ማይል እንደሚነዳ ስታውቅ ለምን ቀን እንደሚተኛም ይገባታል።

ልቀጥል ወይስ ላቁም ላልሽው፣ እስከ ፋሲካ ሞክሪው። በዚህ አኳኋን፣ ያለ ሰሌዳ። ፋሲካ ላይ አራት ሰዓት ሳይሞላ ድምፅሽ አሁንም የሚዘጋ ከሆነ አስመዝግቢያቸው። የሕዝብ ትምህርት ቤት በዓመቱ መሃልም ይቀበላል። «ተሸነፈች» የሚል ዘመድ ይኖራል፤ እሱ ዘመድ አንድም ቀን መጥቶ ልጅ ይዞልሽ አያውቅም። ቤት ማስተማር ስእለት አይደለም። የኔ ልጆች ከአራት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት የገቡት እኔ ስለደከመኝ ነው፤ የሚያምር ምክንያት የለኝም።

እንቅልፉን ግን ከትምህርቱ ጋር አታያይዢው። ፕሮግራሙን አውርደሽም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ወይም ጠዋት መነሳቱ ራሱ ካስፈራሽ፣ ለሐኪምሽ ንገሪ። ለሻይ ከመጣች ጓደኛ ጋር የሚወራ ነገር አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው።

የቀረኝ የተቀደደው መጽሐፍ ነው። በፕላስተር አትለጥፊው፤ ላይብረሪያኖች ይህን አይወዱትም፣ የራሳቸው መጠገኛ አላቸው። ሁለቱን ገጾች ውስጡ አድርገሽ እንደተቀደደ መልሺው፣ ልጆቹንም ይዘሻቸው ሂጂ። «ወንድማችን ቀደደው» ብላ የምትናገረው ትልቋ ትሁን። ክፈሉ ካሉሽ ክፈዪ። ደረሰኙን ፎልደሩ ውስጥ እንዳትከቺው ብቻ።